የልጁ ድስት

አንዲት ባለጸጋ ሴት ነበረች። ባሏ ሲሞት ርስቱን፣ ከብቱንና አንድ ወንድ ልጁን ትቶላት ነበር። እሷም ርስቱን ሳታስደፍር፣ ከብቱን ሳትበትን ልጁን አሳደገች፤ ዳረችውም። ምራቷንም ቤቷ አስገብታ አብረው ይኖሩ ነበር።

አያልነህ ልጄ፣ ትናንት ከቅዳሴ ስንወጣ ጠይቀኸኝ ሳልመልስልህ የሄድሁት ሰው በዝቶ ስለነበር ነው። ሕፃን ጾም እንደሌለበት አውቃለሁ፤ ነገር ግን በሁዳዴ በምድጃዬ ላይ ወተትና እንቁላል ከተጣደ የቤቴ ጾም ገደፈ አይባልም ወይ፣ ድስቱስ ምን ይሆናል ብለኸኛል። ሚስትህ ልጁን ታቅፋ ከኋላህ ቆማ ነበር። አንገቷን ደፍታ የምትጠብቀው የእኔን መልስ እንደሆነ አይቻለሁ። እንግዲህ ተቀመጥና የዚያችን ሴት ነገር ስማ።

ሴትዮዋ የምትኖርበት አገር ለም ነው። ጤፍ ቢሉ፣ በቆሎ ቢሉ፣ ዳጉሳ ቢሉ የዘሩበትን የማይነሳ መሬት ነው። ክረምቱ የከፋ ዓመት እንኳ የሷ ጎተራ ጎድሎ አያውቅም። ነሐሴ ላይ የቆላ ሰዎች አህያ እየነዱ እሷ ደጅ ይመጣሉ፤ ማንንም ባዶ እጁን አትመልስም። «በእኔ ቤት ረሃብ ገብቶ አያውቅም» ትል ነበር። ውሸት ነው የሚላት ሰው አልነበረም።

በጾምም እንደዚያው ናት። ከሰባቱ አጽዋማት አንዱን አታጓድልም። ሁዳዴ ሊገባ ሲል፣ ቅበላው እንዳለቀ፣ ሥጋና ወተት የነካውን ዕቃ ሁሉ በአመድ ፈትጋ፣ በጆንያ ቋጥራ ቆጥ ላይ ታወጣዋለች። የታለበው ወተት ይረጋል፣ ይናጣል፣ ቅቤው ለፋሲካ ይቀመጣል። እንቁላሉ በጭድ መሐል ተደርድሮ ገበያ ይወርዳል። ከዚያ ወዲያ በዚያ ቤት የሚሸተው ሽሮና ጎመን፣ ተልባና ሱፍ ብቻ ነው። ይህን ስነግርህ እያማኋት አይደለም። ጾም መልካም ነው፤ የእሷም አጿጿም መልካም ነበር።

ለዚህች ሴት የመጀመሪያዋ የልጅ ልጅ ተወለደችላት። ስሟን ራሷ አወጣችላት፤ ማንጠግቦሽ አለቻት። ልጅቱ ስትወለድ ሙሉ ሰውነት ነበራት። የእናቷን ጡት እየጠባች የመጀመሪያዎቹን ወራት እንደ ጓሮ ጎመን ለመለመች። ከዚያ ጡት ብቻውን የማይበቃበት ጊዜ መጣ። ያን ጊዜ የሚሰጣት ቀጭን ሙቅ ነበር፤ ከፍ ስትል ደግሞ በሽሮ ውሃ የራሰ እንጀራ። ጾሙ ሲፈታም ቢሆን ወተቱ ለቅቤና ለእንግዳ፣ እንቁላሉ ለገበያ ነው። ጾሙ ሲገባማ ጭራሽ። ሆዷ ስለሚሞላ አታለቅስም። የማታለቅስን ልጅ ተርባለች ብሎ ማን ያስባል?

ዓመት ዓመትን ሲወልድ ልጅቱ ከእኩዮቿ ወደ ኋላ ቀረች። ሰው ሲያያት፣ እናቷም አጭር ናት፣ የዘር ነው ይላል። አያቷ «ሚጢጢዬ» እያለች ታቆላምጣታለች፤ ማነሷንም እንደ ደም ግባት ቆጠረችላት። ትምህርት ቤት ስትገባ ፊደሉ አልያዝ አላት። ዛሬ የያዘችውን ነገ ትጥለዋለች። ሌሎቹ ሲሯሯጡ እሷ ግድግዳ ተደግፋ ትቀመጣለች። መምህሩ ቀስ ብሎ ለአባቷ ነገረው፤ አባቷም ለእናቱ ነገራት። አያቷ ግን፣ አንዳንዱ ልጅ ዘግይቶ ነው የሚነቃ፣ ተዋት አለች።

እናትየዋስ ምን ትል ነበር ትለኝ ይሆናል። ምንም አትልም ነበር። በዚያ ቤት የጓዳው ቁልፍ የሚንጠለጠለው በአማቷ ወገብ ላይ ነው። ደግሞም ራሷ ያደገችው እንደዚያው ነው፤ ሙቅ ጠጥታ፣ ከወንዶቹና ከእንግዶቹ የተረፈውን በልታ። ከዚህ ሌላ መንገድ መኖሩን ማን ነግሯት ታውቀዋለች?

ከጊዜ በኋላ ወንድ ልጅ ተወለደ። የዚህኛውን ስም እናቲቱ ቀድማ አወጣች፤ ቢያድግልኝ አለችው። አማቷ ስሙን አልወደደችውም። የሚያድግበት ቤት የጠፋ ይመስል፣ ምን ዓይነት ስም ነው ብላ አጉረመረመች። ስሙ ግን በዚያው ጸና።

ልጁ ስድስት ወር ሲሞላው ሁዳዴ ገባ። በዚያው ሰሞን ከጤና ኬላው የምትመጣ ወጣት ሴት ሚዛኗን አንጠልጥላ ቤት ለቤት ስትዞር እነሱ ዘንድ ደረሰች። ሕፃኑን መዘነችው፤ በመለኪያው ሳንቃ ላይ አጋድማም ለካችው። ደህና ነው፣ በልኩ እያደገ ነው አለች። ቀጥላ ማንጠግቦሽን አቁማ ለካቻት፤ ደግማም ለካቻት። ከዚያ ወደ እናትየዋ ዞራ፣ ሕፃኑ ከእንግዲህ ከጡቱ ጋር ምግብ እንደሚያስፈልገው፣ ገንፎው ወፈር ብሎ ወተት ወይ እንቁላል እንዲገባበት፣ ጎመንም ዱባም ደቅቆ እንዲጨመርበት አስረዳቻት። ለአማቲቱም ያንኑ ደገመችላት። ልጅ ሁለት ዓመት እስኪሞላው አጥንቱም አእምሮውም የሚሠራበት ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜ ከቀነጨረ በኋላ የሚሰጠው ሁሉ ሆዱን ይሞላዋል እንጂ የጎደለውን አይመልስለትም አለች።

አማቲቱ እንግዳ አክባሪ ናት፤ እስከ መጨረሻው ሰማቻት። «ያልሽው ሁሉ ልክ ነው ልጄ» አለች። «ጾሙ ይፈታና ወተቱንም እንቁላሉንም እስኪጠግብ ይበላል። የሁለት ወር ነገር ነው።»

«ለእርስዎ ሁለት ወር ነው፤» አለች ወጣቷ፤ «ለእሱ ግን የዕድሜው ሲሶ ነው።»

ሴትዮዋ ፈገግ ብላ እስከ በር ሸኘቻት። ምራቷ ግን ያን ቃል ያዘችው። ማንጠግቦሽ ስትለካ የወጣቷ ፊት እንዴት እንደጠቆረ አይታ ነበርና ነገሩ በልቧ ገባ።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን አማቲቱ ከቅዳሴ ስትመለስ ከጓሮው በኩል የወተት ሽታ ሸተታት። ዞራ ብትሄድ ምራቷ ከጌሾው ሥር ቁጢጥ ብላ፣ በሦስት ድንጋይ ላይ የዘይት ቆርቆሮ ጥዳ፣ በወተት ላይ እንቁላል እየመታች ታማስላለች። ሕፃኑ ጀርባዋ ላይ ነው። እንቁላሉን ከየት አመጣሽው አላለቻትም። ቆርቆሮውን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ አነሳችና መሬት ላይ ደፋችው። ውሻው መጥቶ ላሰው።

«በቤቴ፣ በሁዳዴ፣ ተደብቀሽ» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ከጩኸት ይከፋ ነበር።

ምራቷም አልጮኸችም። ተነስታ ሕፃኑን ከጀርባዋ ላይ አስተካከለች። «እመይቴ፣ ለማንጠግቦሽ ዝም ብዬ ነበር፤» አለች። «ለዚህ ዝም አልልም።»

ይህን ብላ ወደ አባቷ ቤት ሄደች። ባሏ ደጃፉ ላይ ቆሞ አንዴ የእናቱን ፊት፣ አንዴ የሚስቱን ጀርባ እያየ ቀረ። እናቱን ሊናገራት አልደፈረም፤ ሚስቱንም ሊያስቀራት አልቻለም። ማንጠግቦሽ ከአያቷ ጋር ቀረች።

ሴትዮዋ ውርደት ተሰማት። በጾም ምድር ምራቷ ጥላት መሄዷን አገር ሳይሰማ ማስታረቅ ይገባል ብላ ወደ ነፍስ አባቷ ገሰገሰች። የሄደችው ምራቷን እንዲገሥጹላት ነው። ነገሩን ከላይ እስከ ታች ነገረቻቸው። እሳቸውም ልጁ ስንት ዓመቱ ነው ብለው ጠየቁ። ስድስት ወሩ ነው አለች።

«ታዲያ ምን አጠፋች?»

«ዕቃዬን አባቴ! ቤቴን ልታስገድፍብኝ።»

«በድስትሽ ነው የሠራችው?»

በቆርቆሮ ነው አለች።

ካህኑ መስቀላቸውን አሳልመዋት ተነሱ። «እኔ ሰውን ከሰው አስታርቃለሁ፤» አሏት። «ድስትን ከልጅ ማስታረቅ አልችልበትም። የድስቱ ባለቤት አንቺ ነሽ።»

ሴትዮዋ ተቀይማ ተመለሰች። የእኔን ጾም እያወቁ እንዴት እንዲህ ይሉኛል እያለች መንገዱን ሙሉ አጉተመተመች። ቤቷም ስትደርስ ልቧ አልረጋም። እንቁላሉን በጭድ ደረደረች፣ ወተቱን አረጋች፣ ሥራዋን እንደ ወትሮው ሠራች። ልጇ ግን አብሯት ሲቀመጥ እንጀራውን ቆርሶ ሳይጨርስ ይነሳል።

እሑድ ማንጠግቦሽን ይዛ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ለቁርባን ልጆች ሲሰለፉ ዲያቆኑ በቁመታቸው እያየ ይለያያቸው ጀመር። ትልልቆቹን ወደ ኋላ አደረገ፤ ገና ከእናታቸው እቅፍ የወረዱትን ወደ ፊት አመጣ። ማንጠግቦሽን ሲያይ ክንዷን ይዞ ከታናናሾቹ ጋር አቆማት። ከትልልቆቹ መሐል አንዲት ልጅ አለች፤ የጎረቤቷ የድሃዋ ሴት ልጅ ናት። እሷና ማንጠግቦሽ በአንድ ቀን ክርስትና የተነሱ ናቸው። ሴትዮዋ ያን ቀን በሚገባ ታስታውሳለች፤ ለድሃዋ ልጅ ድግስ የሚሆነውን ዱቄት የሰጠቻት ራሷ ናትና። አሁን ያቺ ልጅ ከማንጠግቦሽ ትከሻና ራስ በልጣ ቆማለች።

ሴትዮዋ ቅዳሴው እስኪያልቅ ዓይኗን ከሁለቱ ልጆች ላይ አላነሳችም። ሲወጡ ድሃዋን ጎረቤት ጠብቃ፣ ልጅሽን ምን እያበላሽ ነው ያሳደግሻት ብላ ጠየቀቻት። ሴቲቱ የተከሰሰች መስሏት ደነገጠች። ምን አለኝና እመይቴ፣ ጎመንና ባቄላ ነው አለች። ቀጥላም አፍራ፣ አንዲት ዶሮ አለችኝ፤ ያችው የምትጥለውን፣ ገበያ የሚያስወጣ ስላልሆነ፣ ሕፃን ሳለች ጀምሮ ለልጅቷ ነው የምቀቅልላት አለች። በጾምም ጭምር? አለች ባለጸጋዋ። «ሕፃን አይጾምም ብለውኝ ነበር» አለች ድሃዋ፤ «እኔም የተባልሁትን አደረግሁ።»

ባለጸጋዋ ሰላም ዋዪ ብላ መንገዷን ቀጠለች። ማንጠግቦሽ እጇን ይዛ ከኋላ ከኋላ ትሮጣለች፤ አያቷ አንድ እርምጃ ስትራመድ እሷ ሁለት ሦስት ትረግጣለች።

ከዚያ ወዲያ ባሉት ቀናት ሴትዮዋ ጎተራው ሥር ትቆምና ትመለሳለች። በቤቷ ረሃብ ገብቶ እንደማያውቅ ስትናገር ዕድሜዋን አሳልፋለች። ረሃብ በሯን አንኳኩቶ ቢመጣ ኖሮ ታውቀው ነበር፤ ማንንም ከደጇ መልሳ አታውቅምና አብልታ ትሸኘው ነበር። እሱ ግን ከልጅ ልጇ ጋር ገበታዋ ላይ ሲቀመጥ፣ ሆድ የሞላ መስሎ ጉልበቷ ላይ ሲተኛ አላየችውም። አሁን ስታየው ከጉልበቷ ላይ ማንሳት አቃታት።

ሐሙስ የገበያ ቀን ነው። እንደ ወትሮዋ የእንቁላሉን ቅርጫት አነሳችና ማንጠግቦሽን አስከትላ ወጣች። እንቁላል የሚገዛት ነጋዴ ከሩቅ አይቷት ቦታ ለቀቀላት። እሷ ግን አልፋው ወደ ሸክላ ተራ ሄደች። ከተደረደሩት ድስቶች መሐል ትንሿን መረጠች፤ ክዳን ያላት፣ ሁለት ጭብጥ ገንፎ የምትይዝ ድስት ነበረች። በጣቷ ቆርቁራ ድምፅዋን አዳመጠች፣ ስንጥቅ አለመኖሩን አየችና ገዛቻት። አንዲት ባልንጀራዋ አግኝታት፣ በሁዳዴ እንቁላል ከገበያ ሲመለስ አይቼ አላውቅም፣ ታመምሽ ወይ አለቻት። አልታመምሁም፣ ለልጅ ነው ብላ አለፈቻት።

ወደ ቤቷ አልተመለሰችም፤ ወንዙን ተሻግራ የምራቷ አባት ወደሚኖርበት ቀበሌ አቀናች። መንገዱ ዳገት አለው። እኩሌታው ላይ ማንጠግቦሽ ደከማትና ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። አያቷ ቅርጫቱን በራሷ ላይ፣ ድስቷን በክንዷ አድርጋ ልጅቷን አዘለቻት። ይህችን ልጅ ካዘለቻት ዓመታት አልፈዋል፤ ትከብደኛለች ብላ ጎንበስ አለች። ልጅቷ ግን አልከበደችም፤ ትምህርት ቤት የምትውል ልጅ ጀርባዋ ላይ እንደ አንድ እቅፍ ጭድ ነበረች። ሴትዮዋ ዳገቱን ሙሉ እንባዋ እየወረደ ወጣች። መንገዱ ላይ ሰው አልነበረም።

የምራቷ ወላጆች በራቸው ላይ ሲያዩዋት ደንግጠው ተነሱ። እንዲህ ያለ ነገር በሽማግሌ ነው የሚመጣ፤ ያውም እንደ እሷ ያለች ሴት በእግሯ፣ ቅርጫት ተሸክማ አትመጣም። ግቢ፣ ተቀመጪ አሏት። አልቀመጥም አለች። እሳትና ዱቄት እንዲሰጧት፣ ወተት ካለም እንዲቀዱላት ለመነች። የቤቱ እመቤት በጾም ምድጃ ላይ ወተት መጣድ አስጨንቋት ስታመነታ፣ ሴትዮዋ ምድጃችሁን አልፈልግም አለችና ደጃፉ ላይ ሦስት ድንጋይ ጎልታ፣ ፍም አስመጥታ አዲሷን ድስት ጣደቻት።

ምራቷ ልጇን ታቅፋ በሩ ላይ ቆማ ታያለች። አማቷ ወተቱን አፈላች፤ ዱቄቱን ነሰነሰች፤ እያማሰለች ወፈር አደረገችው። እንቁላል ሰብራ ጨመረችበት፣ እንደገና አማሰለች። እሑድና ቅዳሜ ካልሆነ በቀር ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ውሃ እንኳ የማትቀምስ ሴት ናት፤ ፀሐዩም ገና አልዘቀዘቀም። የወተቱ እንፋሎት ፊቷን እየገረፈው፣ ምራቋን እየዋጠች ታማስላለች። መብሰሉን ለማወቅ መቅመስ አለባት፤ መቅመስ ግን አትችልም። ዞር ብላ ማንጠግቦሽን ጠራቻት።

«ነይ ቅመሺልኝ። በስሏል?»

ልጅቷ ከማንኪያው ላይ ላሰችና አሰበች። «አላወቅሁትም እትዬ» አለች። እንደገና ሰጠቻት። አሁንም አላወቅሁትም አለች። ሦስተኛ ስትሰጣት የምራቷ አባት ሳቀ፤ ሁሉም ተከትለውት ሳቁ። አያቷ ግን አልሳቀችም። የልጅቷን አፍ በነጠላዋ ጠረገችላትና በእንጨት ሣህን ሞልታ ለብቻዋ ሰጠቻት። ከዚያ ሕፃኑን ከእናቱ ተቀብላ፣ ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ እፍ እያለች በጣቷ ጫፍ አጎረሰችው። የመጀመሪያውን ተፋው፤ ሁለተኛውን ያዘው፤ ከዚያ ወዲያ እጇን እየጎተተ ወደ አፉ ያመጣ ጀመር።

ሲጨርስ ወደ ምራቷ ቀና አለች። «ያንቺን ቆርቆሮ ደፍቼብሻለሁ፤ ይቅር በይኝ፤» አለች። «ይህች ድስት የልጁና የእህቱ ናት። ሌላ ሰው አይበላባትም፣ ከሌላ ዕቃም አትቀላቀልም። እኛ የምንጾመውን እንጾማለን።»

የጓዳውን ቁልፍ ከወገቧ ፈትታም ሰጠቻት። ምራቷ ጉልበቷን ልትስም ዝቅ ስትል ያዘቻትና፣ ይልቅ ሳይመሽ ቤታችን እንግባ አለቻት።

አገሩ አላረፈላትም። ባለጸጋዋ በእርጅናዋ ጾም አቀለለች ተባለ። ማኅበር ላይ ሴቶች እየተንሾካሾኩ ያዩዋት ነበር። እሷ ለማንም አላስረዳችም፤ ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን በአፏ ምንም ሳይዞር፣ የልጁን ገንፎ በየቀኑ ታማስላለች። በኋላ የነፍስ አባቷ ሲያገኟት ጾሙ እንዴት ነው ብለው ጠየቋት። አባቴ፣ እስከ ዛሬ የሚሸተኝ ሽሮ ነበርና ጾሙ አይከብደኝም ነበር፤ ዘንድሮ ነው የጾምሁት አለቻቸው።

ቢያድግልኝ ፋሲካን ጉንጩ ሞልቶ ደረሰ። በጊዜው ተቀመጠ፣ በጊዜው ቆመ፣ ጊዜው ሳይደርስ ሮጠ። ወጣቷ ከጤና ኬላው ተመልሳ ስትለካው ሳቀች፤ የዶሮዎቹም እንቁላል ገበያ እንደማይወጣ ሰማች። በሚቀጥለው ሁዳዴ ሁለት ሴቶች ወደ ባለጸጋዋ መጥተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ያችን ድስት ከማን ገዛሽ አሏት። ከዚያ በኋላ በነበረው ሁዳዴ ሸክላ ሠሪዎቹ ቅበላ ሲደርስ ትንንሽ ባለክዳን ድስት ለይተው ገበያ ማውጣት ጀመሩ። የልጅ ድስት ይባል ጀመር። ዛሬ በዚያ አገር ድስቱ የሌለው ቤት ቢገኝ፣ ልጅ የሌለው ቤት ነው።

ማንጠግቦሽም ከዚያችው ድስት እየበላች ፊቷ ወዛ፣ ግድግዳ መደገፍ ተወች፤ ቆይታም ፊደል ለየች፣ ማንበብም ቻለች። የቁመቷን ነገር ግን ልሸፍንልህ አልችልም። ወንድሟ አሥር ዓመት ሲሞላው ትከሻ ለትከሻ ሆኑ። ሰው መንገድ ላይ ሲያገኛቸው፣ እነዚህ መንታ ናቸው ወይ ብሎ አያታቸውን ይጠይቃል።

«አይደሉም፤» ትላለች። «እሷ ታላቅ እህቱ ናት። ያሳነስኋት እኔ ነኝ።»

ይህን ማለት አይቀላትም ነበር። ግን በጠየቋት ቁጥር፣ ሕፃን የታቀፈች ሴት አጠገቧ ካለችማ ይልቁንም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ትለዋለች።

እንግዲህ አያልነህ፣ ያቺ ሴት አንተ ነህ። ጎተራህ ሙሉ ነው፣ ላምህ ትታለባለች፣ ዶሮዎችህ ይጥላሉ፤ ልጅህም ገና በልኩ ነው። አንተ ገበሬ ነህና ከእኔ ይልቅ ታውቀዋለህ፤ በቆሎ በጉልበት ልክ ሳለ ውሃ ከጠማው፣ ጳጉሜን ሙሉ ቢዘንብለት ቅጠሉ ይለመልም ይሆናል እንጂ እሸቱ አይሞላም። የቀነጨረ ነው ትሉታላችሁ። ልጅም እንደዚያው ነው። ያንተ ልጅ አሁን በጉልበት ልክ ነው፤ ዝናቡ ደግሞ በእጅህ ነው።

የቤቴ ጾም ይገድፋል ወይ ብለኸኛል። ቤት አይጾምም፤ ምድጃም ድስትም አይጾሙም። የሚጾም ሰው ነው፣ ያውም ያደገ ሰው። ጾም ሰው ከራሱ አፍ የሚያስቀረው ነው። ከሕፃን አፍ የሚቀረውን ግን ጾም ብለህ አትቁጠርልኝ፤ ንጥቂያ ነው። ሚስትህንም ወደ እኔ ላካት፤ የምታጠባ ናትና ስለ እሷ ጾም የምንነጋገረው አለ።

ሁዳዴ የሚገባው ሳምንት ሰኞ ነው። ከዚያ በፊት አንድ ገበያ አለህ።